ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የቤት ዕቃ እንዴት ይመረጣል

ቤትን ማስተዳደር ማለት ስለ ዛሬ ራትና ስለ ነገ ቁርስ ማሰብ ብቻ አይደለም። አስተዋይ የሆነ የቤት ጌታና ብልህ የሆነች እመቤት፥ ያልታሰበ አደጋ በመጣ ጊዜ ቤተ ሰባቸው በምን እንደሚድን በደኅናው ቀን አስቀድመው ያሰናዳሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ይህን ነገር ከድሬ ዳዋ ሕዝብ ይልቅ የተረዳ ማን አለ? ከተማይቱ በ1895 ዓ. ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ ተቆረቆረች፤ ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝም በመካከሏ ያልፋል። ደቻቱ አብዛኛውን ወራት ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው ያለ ሥጋት ይመላለስበታል። ነገር ግን በደቡብ በኩል ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ብርቱ ዝናም በዘነመ ጊዜ ውኃው ቁልቁለቱን ይዞ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወድቅም ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ. ም. ለ30 አጥቢያ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ደቻቱ ሞልቶ ወጣና ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ያለ ቤት አስቀረ። በ2012 ዓ. ም. ደግሞ ገና በሚያዝያ ወር ጎርፍ ወርዶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። እንግዲህ አደጋው ክረምትን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም።

ጎርፍ በጨለማና በድንገት የሚመጣ ከሆነ፥ ለእርሱ የሚሰናዳው ዕቃ በሦስት ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል። በጨለማ በእጅ ዳሰሳ ይገኛልን? የቤቱ ሕፃን ወይም አሮጊት ያለ ረዳት ሊሠሩበት ይችላሉን? በደኅናው ቀን ተፈትኗልን? ለእነዚህ ሦስቱ መልስ የሌለው ዕቃ፥ ዋጋው ቢከብድና መልኩ ቢያብረቀርቅ፥ የሚታመን አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ብርሃን እንናገር። በቀፊራና በታይዋን ገበያ የእጅ ባትሪ ዓይነቱ ብዙ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞላው መልካም ቢሆንም፥ መብራት ለብዙ ቀን በጠፋ ጊዜ የሚሞላበት አይገኝምና፥ በድንጋይ የሚሠራ አንድ ባትሪ ሊጨመርበት ይገባል። ገዝተው ሲገቡ አንድ ሌሊት አብርተው ያሳድሩትና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይመልከቱ። ድንጋዩም ሲቆይ ዝገት አውጥቶ ዕቃውን ስለሚያበላሽ፥ ከውስጡ ወጥቶ በአጠገቡ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ጎርፍ ቧንቧን ይሰብራል፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ከጉድጓድ ውኃ ጋር ይቀላቅላል። ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን 4 ሊትር ያህል ቢታሰብ፥ ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 72 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ማለት ነው። እንደ ድሬ ዳዋ ባለ በሙቀት አገር ከዚህ ማሳነስ አይገባም። ጀሪካኑ ሲገዛ ተሞልቶና ተዘቅዝቆ ይፈተን፤ ጋዝ ወይም መድኃኒት የነበረበት ከሆነ ግን ቢታጠብም አይወሰድ። ውኃው ንጹሕ መሆኑ ካጠራጠረ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ በእሳት ላይ ይቆይ።

ስንቅን በሚመለከት ከሩቅ አገር የመጣ ቆርቆሮ መፈለግ ግድ አይደለም። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ቴምር እሳት ሳይሹ የሚበሉ፥ ሕፃኑም የሚያውቃቸው ናቸው። እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ይከደኑ፤ በየጊዜው እየተበሉ በአዲስ ይተኩ።

ከዚህ ሌላ የቤት ካርታ፥ የልደት ወረቀትና የመታወቂያ ግልባጭ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይጠቅለል። የሕመምተኛው መድኃኒት ጊዜው ሳያልፍ ይታደስ። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮና ፊሽካም ይጨመሩ፤ ጉሮሮ ይደክማልና፥ በጨለማ የተለየ ሕፃን ፊሽካውን ቢነፋ ካለበት ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ከትንሽ የውኃ ጠርሙስና ከባትሪው ጋር በጀርባ በሚታዘል አንድ ቦርሳ ሆነው በበሩ አጠገብ ይሰቀሉ። ጀሪካኑ ግን ቤቱ ሳይፈርስ ቧንቧው ለተቋረጠበት ቀን ነውና በከፍታ ስፍራ ይቀመጥ።

ነገር ግን፥ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ወደ ከፍታው የሚያወጣውን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ነው። የሚሮጥ ውኃ ከጉልበት በታች ሳለም ሰውን ይጥላል። ስለዚህ የጎርፉ ድምፅ ሲሰማ ቦርሳው በእጅ ካልገባ ይቅር፤ ስለ እርሱ ብሎ የሚመለስ ሰው አይኑር።

በልግ ሳይገባ በየካቲት፥ ክረምትም ሳይገባ በሰኔ፥ የቤቱ ጌታ አንድ ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ፥ ከልጆቹ ታናሹን «ቦርሳውን አምጣ፤ መንገዱንም ምራን» ይበለው። ልጁ ሳይደናቀፍ ካደረሳቸው ቤቱ ተሰናድቷል፤ ከተደናቀፈ ግን የሚስተካከለውን በዚያው ማታ ያስተካክሉ። ዕቃ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።