የትንሿ መብረቅ ማስጠንቀቂያ

ራስበሪ ፓይ የተሰኘው አነስተኛ ኮምፒውተር ሥራ ላይ እያለ በድንገት ሲጠፋ ብዙዎች ሰሌዳው የተበላሸ ይመስላቸዋል። በማያ ገጹ ጥግ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ከታየች ግን ችግሩ የኃይል እጥረት ነው፤ ምልክቷ የምትወጣው ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ በታች ሲወርድ ነውና።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀጭን ወይም የረጅም ገመድ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅሙ 0.2 ኦም በሆነ ገመድ 2 አምፒር ሲያልፍ 0.4 ቮልት በመንገድ ይባክናል፤ ከቻርጀሩ የወጣው 5 ቮልት ሰሌዳው ጋ ሲደርስ 4.6 ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በቅድሚያ ከኮምፒውተሩ ኃይል የሚጋሩ ተጨማሪ ዕቃዎችን መንቀል፣ ከዚያም ገመዱን በአጭርና በወፍራም መተካት ይገባል። ምልክቷ ካልጠፋች ቻርጀሩን መቀየር ያስፈልጋል፤ ለራስበሪ ፓይ 4 የሚመከረው 5.1 ቮልትና 3 አምፒር የሚሰጥ ነው። ማስጠንቀቂያው ችላ ከተባለ፣ መረጃ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ በሜሞሪ ካርዱ የተቀመጠው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።