ያላስታወስነው ሥራ የማን ነው?

ሰው ትናንት የሠራውን ዛሬ ቢረሳው ሥራው የእርሱ መሆኑ ይቀራልን? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ቢመስልም ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ብዙ ተጨንቀውበታል።

የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ ሰው ማስተዋል በደረሰው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1694፥ ሰውን ያው ራሱ የሚያሰኘው ያለፈውን ሥራ «የራሴ ነው» ብሎ የሚያውቅበት ኅሊና ነው አለ። የአንድ ልዑል ነፍስ ያለፈ ሕይወቱን ትዝታ ይዛ ወደ ጫማ ሰፊ ገላ ብትገባ፥ ስለ ልዑሉ ሥራ የሚጠየቀው ጫማ ሰፊ መስሎ የሚታየው ሰው ነው ማለት ነው። ሰክሮ ያጠፋና «አላስታውስም» የሚልስ? ሎክ እንዲህ ያለውን ዳኛ ቢቀጣው አግባብ ነው ይላል፤ ድርጊቱ ተመስክሮበታል፥ አለማወቁን ግን ማስረዳት አይችልምና። በመጨረሻው የፍርድ ቀን ግን ማንም ፈጽሞ ስለማያውቀው ነገር የሚጠየቅ አይመስለውም። ይህን ተስፋ በጠጅ ቤት ጮክ ብሎ ማንበብ ለእኛ ደግ አይመስለንም።

ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ሎክን በአንድ ምሳሌ አስጨነቀው። አንድ ልጅ ከአትክልት ቦታ ፍሬ ሰርቆ ተገረፈ፤ አድጎ መኮንን ሆነና በመጀመሪያ ዘመቻው የጠላትን ሰንደቅ ዓላማ ማረከ፤ በኋላም ጄኔራል ሆነ። መኮንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ሰንደቁን የማረከበትን ቀን ያስታውሳል፥ ግርፋቱን ግን ረስቶታል። በሎክ ደንብ ጄኔራሉ ከመኮንኑ፥ መኮንኑም ከልጁ ጋር አንድ ሰው ሲሆኑ፥ ጄኔራሉና ልጁ ግን ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ነው!

ከእነዚህ ሁሉ በፊት፥ በ400 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በሰሜን አፍሪካ የሂጶ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል ትዝታን እንደ ሰፊ ሜዳና እንደ ታላቅ አዳራሽ አድርጎ መርምሮት ነበር። የደረሰበትም አእምሮ ራሱን ለመያዝ እንኳ እንደሚጠበው ነው። እኛም ከሎክ ይልቅ ወደ እርሱ እናደላለን።

የገዛ ልጇን ስም የረሳች አንዲት አሮጊት እናስብ። የሎክን ደንብ አጥብቀን ከያዝን፥ ይህች ሴት ያችን ልጅ ያጠባችው እናት አይደለችም። ልጂቱ ግን በየማለዳው «እማዬ» እያለች ፊቷን ታጥባታለች። እናቲቱ የጣለችውን ትዝታ ልጂቱ ይዛላታለች። ተዝካርም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ቃሉ በግዕዝ «ዘከረ»፥ አስታወሰ፥ ከሚለው የወጣ ሲሆን፥ በዐርባኛው ቀን ቤተ ዘመድና ካህናት ለሟቹ ያስቡለታል። (የድግሱ ወጪ ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አንገባበትም።)

ነገር ግን ሌላው ሰው ትዝታችንን ሊይዝልን የሚችል ከሆነ፥ የሚይዘው ደግ ደጉን ብቻ አይሆንም። «ነገ ተመለስ» ብሎ ያሰናበተውን ባለጉዳይ ሹሙ በማግሥቱ ይረሳዋል። ባለጉዳዩ ግን ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የቆመበትን ኮሪደርና የተመለሰለትን ቃል አንድ ሳያስቀር ይናገራል።