ጌም ውስጥ ያለው «ብዙ ፍቅር» እና የእኛ ኒካሕ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዶርም ውስጥ የሚኖር ሙስሊም ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን የምትደርሰው ጥያቄ አለች፦ «እናንተ አራት ማግባት ይፈቀድላችሁ የለ?» ጥያቄዋ በቀልድም በቁም ነገርም ትመጣለች። አሁን አሁን ደግሞ አዲስ መልክ ይዛለች። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀባበልን ላፕቶፓችን ላይ በምንጭናቸው ባለ ታሪክ ጌሞች ውስጥ ተጫዋቹ ከሁለትና ከሦስት ገጸ ባሕርያት ጋር በአንድ ጊዜ ፍቅር መጀመር ይችላል። አንዳንዱ ጌም ይህን ይቀጣል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ መልካም ነገር ያቀርበዋል። ታዲያ የዶርም ጓደኛችን «ይሄ ከእናንተው በምን ይለያል?» ቢለን ምን እንመልሳለን? በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ጌሞቹና ልብ ወለዶቹ ፍቅርን እንዴት እንደሚሠሩት፣ ቀጥሎም ሸሪዓችን የሚያስቀምጠው ነገር ከዚያ በምን እንደሚለይ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ቃላቱን እንለያቸው

ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። የመጀመሪያው አንድ ለአንድ መሆን ነው፤ ሞኖጋሚ ይሉታል። ሁለተኛው ፖሊጋሚ ነው፤ ከአንድ በላይ ትዳር ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ ተዓዱድ የሚባለው በዚህ ሥር ይገባል። ሦስተኛው ፖሊአሞሪ ነው። ይህ ቃል «ብዙ» የሚል የግሪክ ቃልና «ፍቅር» የሚል የላቲን ቃል ተገጣጥመው የተሠራ ሲሆን፣ መዘውተር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ትርጉሙ ሁሉም ወገን እያወቀና እየተስማማ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ፍቅረኛ መያዙ ነው። ትዳር ኖረም አልኖረም ለእነሱ ዋናው ስሜቱና ስምምነቱ ነው። ወንዱም ሴቷም እኩል ያደርጉታል።

ጌም ፍቅርን እንዴት ይቆጥራል?

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን ከውስጥ በኩል ላሳያችሁ። የጌም ገጸ ባሕርይ ልብ የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። ስጦታ ስትሰጡት ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስታስቀይሙት ይቀንሳል፣ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ አዲስ ንግግር ይከፈታል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የየራሱ ቁጥር አለው። የአንዷ ሲጨምር የሌላዋ በራሱ አይቀንስም። እንዲቀንስ ከተፈለገ ፕሮግራመሩ ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ጌም ውስጥ ቅናት ካልተጻፈ የለም፤ ድካም ካልተጻፈ የለም፤ የቤት ኪራይ ካልተጻፈ የለም።

ይህን በደንብ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ስታርዲው ቫሊ» የተባለው የእርሻ ጌም ነው። በዚህ ጌም ማግባት የሚቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጋብቻ በፊት ግን ለሁሉም አበባ እየሰጡ ሁሉንም ፍቅረኛ ማድረግ ይቻላል። ሁሉንም ከያዛችሁ አንድ ቀን ተሰብስበው ይጠብቋችሁና ተቆጥተው ለሳምንት ያህል ያኮርፏችኋል። አስገራሚው ነገር ቦርሳችሁ ውስጥ የጥንቸል እግር ከያዛችሁ ይህ ሁሉ አይደርስም፤ ማንም ሳይቆጣ ነገሩ በሰላም ያልፋል። የጥንቸል እግር በፈረንጆች ዘንድ የዕድል ምልክት ነው። በኮዱ ቋንቋ ሲታይ የብዙ ሰው ሐዘን በአንድ መስመር ተሰረዘ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ዊቸር 3» ደግሞ ጠንከር ያለ ነው። ጀግናው ጌራልት ለየነፈርም ለትሪስም «እወድሻለሁ» ካለ ሁለቱ ሴቶች ይነጋገራሉ፣ ያታልሉታል፣ አልጋ ላይ አስረውት ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቀራል። ልብ በሉ፤ ጌራልት የተቀጣው ሁለት በመውደዱ ሳይሆን ለእያንዳንዷ «አንቺ ብቻ» እያለ በመዋሸቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ወደ ፖሊአሞሪ ቀርቧል። ሃልሲን የሚባል ገጸ ባሕርይ ተጫዋቹ ሌላ ፍቅረኛ ቢኖረውም ቅር አይለውም፤ ነገር ግን «መጀመሪያ እሱን ጠይቅ» ይላል። ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የሚስማሙም አሉ፣ የማይስማሙም አሉ። (ጌሙ ሐያእ የሌላቸው ትዕይንቶች አሉበት፤ የጠቀስኩት ነገሩን ለማስረዳት እንጂ ተጫወቱት ለማለት አይደለም።)

አብዛኞቹ ጌሞች ግን አንድ ቦታ ላይ «ምረጥ» ብለው ሌላውን በር ይቆልፋሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ሥነ ምግባር አይደለም፤ ወጪም ነው። ስድስት ሊወደዱ የሚችሉ ገጸ ባሕርያት ቢኖሩ፣ ለአንድ ለአንዱ መንገድ ስድስት ታሪክ ይበቃል። ሁለት ሁለት ይያዙ ከተባለ ግን 15 ጥንድ ይመጣል፤ ሦስት ሦስት ከሆነ ሌላ 20። ለእያንዳንዱ ንግግር መጻፍ፣ ድምፅ መቅረጽ፣ መፈተሽ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ብዙ ፍቅርን በአግባቡ መያዝ ውድ ነው!

የሙስሊሞች ተዓዱድ በጌም ውስጥ የሚታየው በአብዛኛው እንደ «ክሩሴደር ኪንግስ» ባሉ የነገሥታት ጌሞች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ሙስሊም ገዢ እስከ አራት ሚስት ያገባል። እዚያ ሚስት የምትታየው ወራሽ በመውለዷና ከአባቷ ጋር በሚገኘው ወዳጅነት ነው። የአዳር ተራ የለም፣ ነፈቃ የለም፣ የሚጠየቅ ዐድል የለም። የዶርም ጓደኛችን ስለ እኛ ያለው ሥዕል ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ቢመጣ አይገርምም።

የፍቅር ታሪክ ለምን አንድ ለአንድ ሆነ?

የአማርኛ ልብ ወለድ ከጅማሬው ጥንድ ወዳድ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (በኋላ «ጦቢያ» የተባለው) የሚያልቀው በጥንድ ጋብቻ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንኳን ሁለተኛ ሰው ሊያስቡ አንዳቸው ለሌላቸው እንኳ ሳይደርሱ ቀሩ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ የሁለት ሴቶች ጉዳይ አለበት። ጸጋዬ አዲስ አበባ ላይ እጮኛ አለችው፤ አስመራ ሄዶ ከፊያሜታ ፍቅር ይይዘዋል። አንባቢ ሁሉ ግን «የትኛዋ ናት እውነተኛዋ?» እያለ ነው የሚያነበው። ሁለቱም ይሁኑ የሚል አንባቢ አላየሁም።

«ይህማ ደራሲዎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ነው» እንዳትሉ፣ የሙስሊሙ ዓለም የፍቅር ታሪክም እንዲሁ ነው። ቀይስ «መጅኑን» የተባለው በለይላ ብቻ ነው። ኒዛሚ ይህን ታሪክ በፋርስኛ ግጥም የጻፈው በ12ኛው ክፍለ ዘመን አራት ሚስት በሚፈቀድበት አገር ተቀምጦ ነው። ዐንተርም ዐብላን ብቻ ይላል። የ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ንጉሥ በየቀኑ አዲስ ሴት እያገባ በማግሥቱ ያስገድል ነበር፤ ታሪኩ የሚያልቀው በአንዷ በሸህራዛድ ሲረጋ ነው። በቱርክ ድራማ የምናውቀው ሱልጣን ሱለይማንም ሐረም ሙሉ ሴት እያለው፣ ተመልካች የሚከታተለው የሑረምን ጉዳይ ነው።

ይህ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። የፍቅር ታሪክ የልብ ነገር ነው፤ ልብ ደግሞ ታሪክ ሲነገርለት ወደ አንድ ያዘነብላል። የሸሪዓ የጋብቻ ሕግ ግን የፍቅር ታሪክ አይደለም። የሕግ ሥራው ልብ ባዘነበለ ጊዜ ማንም እንዳይበደል መጠበቅ ነው።

ተዓዱድ ከፖሊአሞሪ የሚለየው የት ላይ ነው?

ሱረቱ አን-ኒሳእ ሁለት ቦታ ላይ ጉዳዩን ያነሳዋል። በ4፡3 እስከ አራት ፈቅዶ፣ ፍትሕ አለማድረግን የሚፈራ ሰው በአንድ እንዲወሰን ያዝዛል። ልብ በሉ፤ በአንድ ለመወሰን መበደል አይጠበቅም፣ መፍራቱ ብቻ ይበቃል። በ4፡129 ደግሞ ሰው ቢጓጓም በሚስቶቹ መካከል በልቡ ማስተካከል እንደማይችል ይነግረንና፣ ሙሉ በሙሉ ወደ አንዷ አዘንብሎ ሌላዋን እንደ ተንጠለጠለች መተውን ይከለክላል። ዑለማኦች ሁለቱን ሲያስታርቁ በ4፡129 የተነሳው የልብ ዝንባሌ ነው፣ በ4፡3 የታዘዘው ደግሞ የሚለካው ነገር ነው ይላሉ፦ የአዳር ተራ፣ ነፈቃ፣ መኖሪያ ቤት።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፖሊአሞሪ የሚቆመው በስሜትና በስምምነት ላይ ነው፤ ስሜቱ ካለቀ ሁሉም ያልቃል። ኒካሕ ግን ውል ነው። ወሊይ፣ ምስክር፣ መህር አለው። የልጁ አባት ይታወቃል። ባል ቢሞት ሚስት ድርሻዋ ቁርኣን ላይ የተቆረጠ ነው፤ ልጅ ካለው ስምንተኛው፣ ከሌለው አራተኛው፤ ሚስቶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ያንኑ ይካፈሉታል። ከኒካሕ ውጭ በምስጢር ወዳጅ መያዝን ደግሞ ቁርኣን ለሴቱም ለወንዱም ለየብቻ ከልክሏል (4፡25 እና 5፡5)። ስለዚህ «ሁሉም ከተስማማ ምን አለበት?» ለሚለው የእኛ መልስ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ግን ብቻውን አይበቃም የሚል ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽ እንናገር። የእኛ ሕግ ለወንድና ለሴት በዚህ ጉዳይ እኩል በር አልከፈተም፤ ፖሊአሞሪ ግን ከፍቻለሁ ይላል። ጓደኛችን ይህን ቢያነሳ ማድበስበስ አያስፈልግም። ሸሪዓ ለወንዱ የከፈተውን በር በሸክም ከፍቶታል፤ ሸክሙን የማይችል ሰው በሩ ለእሱ አልተከፈተም። ሁለት ሚስት ይዞ ወደ አንዷ ያዘነበለ ሰው የቂያማ ቀን ጎኑ ያዘነበለ ሆኖ እንደሚመጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። እሳቸው ራሳቸው ከእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ጋር እስከ ሞቷ ድረስ 25 ዓመት ያህል ሲኖሩ በላይዋ ሌላ አላገቡም።

ቅናትንም እንደ ጥንቸል እግር በአንድ መስመር አልሰረዙትም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ከባለቤቶቻቸው በአንዷ ቤት ሳሉ ሌላዋ ምግብ በሳህን ትልካለች። የቤቱ ባለቤት የአምጪውን እጅ ትመታና ሳህኑ ወድቆ ይሰበራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስብርባሪውንና ምግቡን በእጃቸው ሰበሰቡ፤ እናታችሁ ቀንታ ነው ብለው ለሰዎቹ አስረዱ፤ ከዚያ ደህና ሳህን ሳህኗ ለተሰበረባት ላኩ። አልተቆጡም፣ ቅናቱንም አላፌዙበትም። ግን የሳህኑን ዋጋ አስከፈሉ። ስሜትን ማክበርና ሐቅን ማስመለስ እንዲህ አብረው ይሄዳሉ።

የአገራችን ሕግም መታወቅ አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 11 ቀድሞ ያለ ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ መፈጸምን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ይቀጣል፤ አንቀጽ 651 ደግሞ በሕግ ዕውቅና ያለውን የሃይማኖት ወይም የባህል ልማድ ተከትሎ የተፈጸመውን ከዚህ ይለየዋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የሚዳኙት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ይህ ለቀልድ የሚሆን ጉዳይ አይደለም፤ የገጠመው ሰው ሸይኽም የሕግ ባለሙያም ይጠይቅ።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ

እውነቱን እንነጋገር። በማራኪም ሆነ በቴዎድሮስ ግቢ ያለን ወንድሞች አብዛኛዎቻችን አንድ መህር እንኳ የለንም። ሆኖም «እኛ እኮ አራት ነን» የሚለው ቀልድ ከአፋችን አይጠፋም። ቀልዱን የሚሰሙት እህቶች አሉ። አላህ በፍርሃትና በሸክም ያጠረውን ነገር ለመሳቂያ ስናደርገው፣ ክርስቲያኑ ጓደኛችን ዲናችንን ከጌሙ ጋር ቢያመሳስለው በማን እንፈርዳለን?

ከቀልድ የከፋም አለ። ለአንዷ እህት «ስመረቅ ቤተሰብ እልካለሁ» ብሎ አስሮ፣ ማታ ማታ ከሌላ ጋር የሚያወራ ወንድም ተዓዱድ ውስጥም፣ ፖሊአሞሪ ውስጥም የለም። ፖሊአሞሪዎቹ እንኳ «መጀመሪያ እሱን ጠይቅ» ይላሉ። ይህ ወንድም የሚመስለው ጌራልትን ነው፤ ለሁለቱም «አንቺ ብቻ» ብሏል። ሁለት እህቶችንም ቁርኣን እንደከለከለው አንጠልጥሎ ትቷል። ዶርም ውስጥ በሁለት ጓደኛ ምስክርነት፣ ያለ ወሊይና ቤተሰብ ሳይሰማ «ኒካሕ አሰርን» የሚሉም እንዳሉ እንሰማለን። አብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ ያለ ወሊይ የታሰረ ኒካሕ አይጸናም። ሲፈርስ ተምህርቷን፣ ስሟንና ቤተሰቧን የምታጣው እህታችን ናት፤ ጌም አይደለምና ወደ ኋላ ተመልሶ ከሴቭ መጀመር የለም።

ለእህቶችም አንድ መረጃ። በሐንበሊ መዝሀብ ሴቷ ኒካሕ ሲታሰር «በላዬ እንዳያገባ» ብላ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ትችላለች፤ ባል ካፈረሰው ኒካሑን የማፍረስ መብት አላት። በሌሎች መዝሀቦች ብያኔው ይለያል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ሸይኽ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንግዲህ የዶርም ጓደኛችን ሲጠይቀን መልሱ አጭር ነው፦ ጌሙ «ስንት መውደድ ትችላለህ?» ይላል፤ ዲናችን «የስንቱን ሐቅ መወጣት ትችላለህ?» ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ቁጥር መጥራት ቀላል ነው። ሁለተኛውን በሐቀኝነት የመለሰ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይቆማል፤ ለዚያችም አንድ ቢሆን ሐቋን መሙላቱ ያስፈራዋል።

አላህ በቃላቸው ከሚገኙት፣ የማንንም እህት ሐቅ ተሸክመው ከማይቀርቡት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።