ተጨማሪ መረጃ፦ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ አልትራሳውንድ በሴቶች

የተሰፋ አንጀት ሲያፈስ ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃው ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። በሴቶች ይህ ቦታ በማህፀንና በፊንጢጣ አንጀት መካከል ያለው፣ በስኮትላንዳዊው የሰውነት አካል ሊቅ በጄምስ ዳግላስ ስም የሚጠራው ጎድጓዳ ክፍል ነው። በብልት በኩል የሚገባ የአልትራሳውንድ መመርመሪያ ለዚህ ቦታ እጅግ ቅርብ ስለሆነ፣ በሆድ ላይ ሲታይ የአንጀት ጋዝ የሚጋርደውን መግል ወይም የደም ክምችት ያለ ጨረር ሊያሳይ ይችላል። በሆድ ላይ የሚደረገው ምርመራም ዋጋ አለው፦ ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ የሰፋና ይዘቱ ወዲያ ወዲህ የሚዋልል ትንሹ አንጀት መዘጋትን ያመለክታል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጥቂት ፈሳሽ መታየቱ ግን የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የሚብስ የሆድ ሕመም ካሉ ደግሞ ንጹሕ የሚመስል ምስል ሐኪሙን ሊያዘናጋው አይገባም፤ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።