መነባንብ ስትጽፉ፦ ሰውየው ለማን ነው የሚያወራው?

ድራማ ክፍል የገባ ሁሉ ይቺ የቤት ሥራ ትደርሰዋለች፦ አንድ ገፀ ባህርይ ፍጠር፣ መነባንብ ጻፍለት፣ ራስህ ተጫወተው። እኛም ደርሶናል። ብዙዎቻችን «ሕይወት ከባድ ናት» ብለን ንግግር እንጽፋለን፤ ክፍሉ ማዛጋት ይጀምራል።

መነባንብ ግን ንግግር አይደለም። ገፀ ባህርዩ ከሆነ ሰው የሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ መድረኩ ላይ የለም። በረከት በላይነህ የጻፈውን፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን አስታውሱ። «ፌስታሌን» የሚለው ርዕስ ራሱ የሆነ ሰው የራሱን ነገር ሲፈልግ ያሰማል።

ምሳሌ እንስጥ። ቤሩት ያለች የቤት ሠራተኛ እናቷ ጋ ደወለች እንበል። የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። መናገር ፈልጋለች፣ ግን «ደህና ነኝ እማዬ፣ እንደውም ወፍሬያለሁ» ትላለች። ስለ ደመወዙ አንድም ቃል አትጻፉ። «በዓሉን በዱቤ ዋሉት፣ እልካለሁ» ስትል ተመልካቹ ይገባዋል።

ስትጫወቱት አትቸኩሉ። እናትየው የምትመልስበትን ጊዜ ጠብቁ፣ መልሷን በልባችሁ ስሙት። ለማልቀስም አትታገሉ፤ ልጅቷ የምትታገለው ላለማልቀስ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ታሪኩን ከምታውቋት ልጅ ከወሰዳችሁት አስፈቅዷት፤ ስሟንና ሰፈሯንም ቀይሩ። እናንተ ተጨብጭቦላችሁ ትወርዳላችሁ፣ እሷ ግን እናቷ ያልሰማችውን ነገር ሰፈሩ ሊሰማባት ይችላል።