ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፦ የትም የሌለ አገር ድምፅ

ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ አንድ ላይ ሆነው የሚጫወቱበት መንደር በኢትዮጵያ የለም። በገና የጾምና የጸሎት ነው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። እምቢልታና መለከት የንጉሥ አጀብ ነበሩ። እነዚህን ባይተዋሮች አንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተመሠረተ።

መሥራቹ ሐሊም ኤል-ዳብ የካይሮ ተወላጅ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የሙዚቃ ቀማሪ ነው። ሰውየው ገና በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ድምፅ ቀርጾ፣ ቅጂውን በመሣሪያ እየለወጠ አዲስ ሥራ አውጥቶበት ነበር። ዛርን ስቱዲዮ ያስገባ ሰው በገናንና መለከትን ማገናኘት አልከበደውም ማለት ነው።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ዋሽንት እንደ ክራር ክሩን አጥብቀው ወይም አላልተው አይቃኙትም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። በገና ዝግ ብሎ ይነዝራል፤ መለከት አጠገቡ ከጮኸ ማን ይሰማዋል? ከሁሉም የሚገርመኝ እምቢልታ ነው። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው ለብቻው ዜማ አያወጣም። ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ ዜማውን ይገነቡታል።

ከኤል-ዳብ በኋላ ቡድኑን አሜሪካዊው ጆን ኮ፣ ቀጥሎም ተስፋዬ ለማ መሩት። ኢትዮፒክስ የተሰኘው የአልበሞች ተከታታይ 23ኛ ቅጹን በ2007 እ.ኤ.አ. ለዚህ ቡድን ሰጥቷል።

ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ወላይታ ሶዶ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ግን ኦርኬስትራው የፈጠረው ያ ምናባዊ አገር ወደ ሰሜን ያጋደለ ነው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሰሜኑ ናቸው። ደቡብ ደግሞ ድምፅን የመከፋፈል ጥበብ ሞልቶታል፤ ከዓባያ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው የጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች የተለያዩ ድምፆችን እያቋረጡና እየደራረቡ አንድ ዘፈን ያወጣሉ፤ ደራሼዎች የቀርከሃ ዋሽንቶቻቸውን በቡድን ይነፋሉ። የኢትዮ-ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ደራሼ ሙዚቃ ደጋግሞ ሲናገር የሚሰማው ወዶ አይደለም።

እናም አንድ ቀን ዳሞታ ተራራን፣ ደመናውንና ከሥር የተዘረጋውን የዓባያን ውሃ በኦርኬስትራ ልሣል የሚል ወጣት ከሶዶ ቢነሣ፣ ቫዮሊን ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር አደባባይ ወጥቶ ጨዋታውን ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚቀበል ልብ ብሎ ያዳምጥ። ከቅኝት ምርጫው በፊት አንዷን ዜማ ስንት ሰው እንደሚካፈላት መወሰን ይኖርበታል።