ዜና በመማሪያ ክፍል፤ ብር በስንት በመቶ ወደቀ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ 57 ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በዕለቱ በባንክ ወደ 75 ብር ተጠጋ። በርካታ የዜና ምንጮችም «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» ሲሉ ዘገቡ። ወቅቱ ክረምት ስለነበር ተማሪዎች ነገሩን የሰሙት ከቤተሰብ፣ ከታክሲና ከሱቅ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ግን ጥያቄውን ይዘው ወደ ክፍል ገቡ።

የፊዚክስ ሰው በኢኮኖሚክስ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ወደ ነገሩ ያስገባን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ወዳጃችን ነው። ዜናውን በምሳሌነት ባነሣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ የፖለቲካ ሙግት ገጠመ። እርሱም ደንግጦ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ፤ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮችን በሰሌዳ ላይ ሲስል ደግሞ ተማሪዎቹ አንቀላፉ። ምን ይሻላል ሲል ጠየቀን። እኛም ከአስተያየት ሳይሆን ከቁጥሩ እንዲጀምር መከርነው።

ቁጥሩ በእርግጥ መመርመር የሚገባው ነው። የዶላር ዋጋ ከ57.5 ወደ 74.7 ብር ከፍ ሲል ጭማሪው 30 በመቶ ነው። የብር ዋጋ ግን ሌላ ስሌት ይጠይቃል። አንድ ብር ቀድሞ 1.74 የአሜሪካ ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ በማግሥቱ የገዛው 1.34 ሳንቲም ነው። ቅናሹ 23 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ዶላር በ30 በመቶ ጨመረ እንጂ ብር በ30 በመቶ አልወደቀም። ልዩነቱ የማይረባ የሚመስለው ተማሪ ቢኖር በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1992) የሆነውን ያስላ። ያኔ የዶላር ዋጋ ከ2.07 ወደ 5 ብር ተሻገረ፤ ጭማሪው ወደ 142 በመቶ ነው። በዚያው የዜና አባባል ብር «በ142 በመቶ ወደቀ» ልንል ነው ማለት ነው፤ ከመቶ በመቶ በላይ የሚወድቅ ገንዘብ ግን የለም። ትክክለኛው ቅናሽ 59 በመቶ ገደማ ነው። አንድን ቀመር እስከ ጽንፉ ወስዶ መፈተን በፊዚክስ የተለመደ ዘዴ ሲሆን፣ በዚህም ሥፍራ ስሕተቱን ያለ ምንም ጭቅጭቅ አጋልጧል።

ሁለተኛው ምክራችን ከቤተ ሙከራ የተወሰደ ነበር። በውጭ አገር ስንማር አንድ መምህራችን የሚጠበቀውን ውጤት በቀለም ሳንጽፍ መሣሪያውን እንድንነካ አይፈቅዱልንም ነበር፤ በእርሳስ የተጻፈ ግምት ይደለዛልና። ወዳጃችንም ተማሪዎቹን የየራሳቸውን ግምት አስጻፋቸው። አብዛኞቹ «ሁሉም ነገር በ30 በመቶ ይወደዳል» ብለው ጻፉ። ዶላር በዓመቱ መጨረሻ ከ120 ብር ሲያልፍ ደግሞ ግምታቸውን ወደ እጥፍ አሳደጉት። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2016 ወደ 19 በመቶ የተጠጋው ይፋዊ ዓመታዊ የዋጋ ንረት በታኅሣሥ 2017 ወደ 17፣ በሰኔ 2017 ደግሞ ወደ 14 በመቶ ዝቅ አለ።

ትምህርቱ የተጀመረው ግምቱ ሲከሽፍ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ለምን ከሸፈ? ከለውጡ በፊት በትይዩው ገበያ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በባንክ ዶላር ያላገኘ አስመጪም የዕቃውን ዋጋ ሲተምን በዚያኛው ዋጋ ነበር። በመሆኑም ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ ክፍል ሁሉ የደነገጠበትን ለውጥ አስቀድሞ በከፊል ተሸክሞታል። በተጨማሪም ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ጣሪያ ገድቦ ነበር፤ መንግሥትም እንደ ነዳጅና ማዳበሪያ ላሉ ዕቃዎች ለጊዜው ድጎማ መደበ። መጽሐፉ «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ሲጸኑ» ይላል፤ ይህም እኛ «ሰበቃ በሌለበት» እንደምንለው ያለ ነው። ዜና ግን ሰበቃውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። እንደ እኛ አስተያየት ተማሪው ሁለቱንም ሊያውቅ ይገባል፤ ሰበቃ የሌለበትን ስሌት ያልሠራ ሰው ሰበቃው ምን ያህል እንደሆነ ሊለካ አይችልምና።

አንዲት ተማሪ በዚህ መካከል እጇን አነሣች። «ሬዲዮ ንረቱ ቀነሰ ይላል፤ እናቴ ደግሞ ዋጋው ጨመረ ትላለች። የትኛው ነው የሚዋሸው?» ማንም አልዋሸም። የመኪና ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም። 100 ብር የነበረ አስቤዛ በ19 በመቶ ንረት 119 ብር ይሆናል፤ በቀጣዩ ዓመት ንረቱ ወደ 14 በመቶ «ሲቀንስ» ያው አስቤዛ ወደ 136 ብር ይደርሳል። ሬዲዮው ስለ ፍጥነቱ፣ እናትየዋ ስለ ደረሱበት ሥፍራ ተናገሩ። ልጅቱ ይህን ስሌት በደብተሯ ገልብጣ ለእናቷ ልታሳይ ወሰደችው፤ ለዚህ ስንል ብቻ እንኳ ዜና ክፍል ውስጥ መግባቱን እንደግፋለን።

አማካይ ቁጥር የሚሸፍነውም አለ። እኅቱ ጅዳ የምትሠራ ተማሪ ነበር። የሳዑዲ ሪያል በ3.75 ለአንድ ዶላር የታሰረ በመሆኑ የምትልከው 500 ሪያል በአንድ ጊዜ ከ7,700 ወደ 10,000 ብር ገደማ ከፍ አለ። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ አባት ግን የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ጎማና መለዋወጫ የሚገዙት ከውጭ ከገባው ነው። በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ለአንድ ዜና አንዱ የመደመር፣ ሌላው የመቀነስ ምልክት ሰጡት።

የሹፌሩ ልጅ ታዲያ ማብራሪያውን በዝምታ አልተቀበለም። «ነጋዴው ቀድሞም ከ100 ብር በላይ ዶላር ገዝቶ ከነበረ ጎማው ከሐምሌ በኋላ ለምን ጨመረ?» ሲል ጠየቀ። ወዳጃችን መልስ ከመስጠት ይልቅ ማስረጃ ጠየቀው። ልጁም በሚቀጥለው ሳምንት በሰኔና በጥቅምት የተቆረጡ ሁለት የጎማ ደረሰኞችን ከአባቱ ተቀብሎ አመጣ፤ ክፍሉም ዋጋቸውን በሰሌዳው ላይ ጻፈ።